እናቴ ኮንሰርቱን በሰው ስልክ አየችው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ከሐዋሳ ነው የምጽፍላችሁ። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ እናቴን ይዤ አዲስ አበባ ለመዝሙር ኮንሰርት መጥቼ ነበር፣ እዛ ያየሁት ነገር ከተመለስኩ ጀምሮ ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። የዘማሪውን ስም አልጠቅስም፣ የአዳራሹንም የአዘጋጆቹንም እንደዛው፣ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ሰው ወይ የአንድ አዳራሽ ጥፋት አይደለም፣ ከዚህ በፊት በሄድኩባቸው ኮንሰርቶችም ያየሁት ነው፣ እዚህ እኛ ከተማ ሲዘጋጅም ያው ነው። የምጠይቀው ነገር አንድ ነው። በመዝሙር ኮንሰርት ላይ ከፊት ካሉት ወንበሮች ለአረጋውያን ይያዝላቸው። ለምን እንደዚህ እንደምል ግን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፣ ቦታ ከሰጣችሁኝ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጉልበቷ ያማታል፣ ደረጃ ሲሆን ደግሞ ይብስባታል፣ ከዘራ ተገዝቶላት "ገና ነኝ" ብላ ቤት ጥላው ነው የምትወጣው። ይሄን ዘማሪ ያወቀችው በልጄ ስልክ ነው። ማታ ማታ ቡና ተፈልቶ ሲያልቅ ልጄ ዩቲዩብ ከፍታ ትሰጣታለች፣ እሷ ስልኩን ረከቦቱ ላይ በስኒ አስደግፋ ታቆመውና ትሰማለች፣ አንዳንዴ እዛው በተቀመጠችበት እንባዋ ይወርዳል፣ እኛም አይተን እንዳላየ እንሆናለን። ኮንሰርት ሊያደርግ መሆኑን ልጄ ቴሌግራም ላይ አይታ ስትነግራት "ሳልሞት አንዴ በአካል በሰማሁት" አለች። እናቴ እኮ እንዲህ አርጉልኝ ብላ የምትጠይቅ ሰው አይደለችም፣ ለበዓል ቀሚስ እንኳን ሲገዛላት ለምን ብር አወጣችሁ ነው የምትለው፣ ስለዚ እኔም ወንድሜም ሳናቅማማ ተስማማን። ትኬቱን በቴሌብር ቆረጥኩ። መደበኛና ቪአይፒ የሚል ነበረው፣ ቪአይፒው የመደበኛው አራት እጥፍ ነው፣ ለሁለት ሰው ሳሰላው ከነትራንስፖርቱ የአስተማሪ ደሞዝ የሚችለው አልሆነም፣ መደበኛውን ወሰድኩ። ያኔ ልዩነቱ የወንበሩ ልስላሴ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከሐዋሳ ወጣን። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው መንገዱ፣ ሻሸመኔን በጨለማ አለፍናት፣ ላንጋኖ አካባቢ ስንደርስ ነጋ፣ ባቱ ላይ ወርደን ሻይ ጠጣን፣ ከዛ ፈጣን መንገዱ ውስጥ ስንገባ እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። ድሮ በሷ ጊዜ ይሄ መንገድ ቀኑን ሙሉ ነው የሚፈጀው፣ አቧራው ምናምኑ፣ ሞጆ ላይ ምሳ ተበልቶ፣ እያለች ስታወራኝ ሳናውቀው ቃሊቲ ደረስን። ሳሪስ አክስቴ ቤት አረፍ ብለን ቁርስ በላን፣ እናቴ ተጣጥባ ነጭ የሀበሻ ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ትንሿን ቦርሳዋን ያዘች። ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ያኔ አላየሁም።

ትኬቱ ላይ የተጻፈው 8 ሰዓት ነው። እኛ 7 ሰዓት ሲሆን በር ላይ ነበርን። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል፣ እናቴን አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ ነጠላ አንጥፌ አስቀመጥኳት። 8 ሰዓት ተኩል ላይ በር ተከፈተ። ገባን። ከመድረኩ ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች በረድፍ በረድፍ አሉ፣ በየወንበሩ ላይ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል፣ ከዛ በገመድ የታጠረ ባዶ ቦታ፣ ከዛ ወዲያ ደግሞ መቆሚያ፣ ከመቆሚያው ኋላ የፕላስቲክ ወንበር። መደበኛ ትኬት ማለት መቆሚያው ወይም የፕላስቲክ ወንበሩ ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። ቆሞ መስማት ለእናቴ የማይታሰብ ስለሆነ ኋላ ሄደን ተቀመጥን። ከመድረኩ በትንሹ 60 ሜትር ይርቃል። እናቴ ምንም አላለችም፣ "ድምፁ ይሰማል አይደል" ብቻ ነው ያለችኝ።

9 ሰዓት ሆነ። 10 ሰዓት ሆነ። ሳውንድ ቼክ ነው ተባለ፣ ማይክ አንድ ሁለት፣ ማይክ አንድ ሁለት። ነጭ ወንበሮቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ናቸው፣ ቪአይፒ የቆረጠ ሰው በሰዓቱ አይመጣም መቼም፣ ውሃው ብቻ ተሰልፎ ተቀምጧል። ከኛ አጠገብ ሌሎች ሁለት እናቶችና አንድ ዓይናቸው በደንብ የማያይ አባት ነበሩ፣ በልጅ ልጃቸው እጅ ተይዘው ነው የመጡት፣ ከነሱም ጋ ተዋወቅን። ተነስቼ ወደ አስተናጋጁ ሄድኩና "ወንድሜ፣ እነዚህን አራት ሽማግሌዎች ብቻ ከዳር ባሉት ባዶ ወንበሮች ላይ አስቀምጥልኝ፣ ባለቤቶቹ ሲመጡ ይነሳሉ" አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ "እህቴ፣ ጌታ ያውቃል ባስገባቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ትእዛዝ ነው፣ እኔም በጎ ፈቃደኛ ነኝ" አለኝ። አዘንኩለት እንጂ አልተቆጣሁትም። ትእዛዙን የሰጠውን ሰው ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም።

10 ሰዓት ከ20 ላይ ተጀመረ። ገና የመጀመሪያው የጊታር ድምፅ ሲሰማ ያለው ሰው በሙሉ ተነስቶ ቆመ፣ እኛ የተቀመጥንበትም ጭምር፣ ስልክም ተነሳ፣ እናቴ ፊት ለፊት ያለው ነገር ጀርባና ክንድ ብቻ ሆነ። ትልቁ ስክሪን አለ ትሉኝ ይሆናል፣ አለ፣ ግን ከተሰቀለበት አቅጣጫ የፀሐዩ ነጸብራቅ እየገባ እስኪመሽ ድረስ ምንም አይታይበትም ነበር። ልነሳ ብላ ሞከረች፣ ትከሻዬን ይዛ ለአንድ መዝሙር ያህል ቆመች፣ ከዛ ጉልበቷ አልቻለም፣ ተቀመጠች። እኔ አለቀስኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመዝሙሩ አይደለም ያለቀስኩት።

ይሄኔ ከፊታችን የቆመ አንድ ልጅ፣ ቢበዛ 19 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዞር ብሎ አየን። ቪዲዮ እየቀረጸ ነበር። እናቴን አየ፣ መድረኩን አየ፣ ከዛ ምንም ሳይለኝ አጠገቧ መጥቶ ቆመና ስልኩን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ዘማሪውን አቅርቦ ያዘው፣ ስክሪኑን ደግሞ ወደ ታች ወደሷ አዘነበለላት። "ማዘር፣ በዚህ ይዩት፣ ይታይዎታል?" አላት። ይታይ ነበር። ትንሽ ሰው፣ መዳፍ የማትሞላ፣ ማይክ የያዘ። እናቴ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ወደ ላይ እያየች "ይሄውና፣ ይሄውና መጣ፣ ተባረክ ልጄ" አለች። ልጁ አንድ ሁለት ደቂቃ ይዞ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፣ ክንዱ ሲዝል በግራ እጁ እየቀየረ አራት መዝሙር ሙሉ እንደዛ ቆመላት። እሱ የሚቀርጸው ቪዲዮ ቀረ። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም፣ ይሄን ጋዜጣ ካነበብክ ወንድሜ፣ እናቴ ዛሬም በየጸሎቷ ታነሳሃለች።

ኮንሰርቱ ራሱ ግን ግሩም ነበር፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ባንዱ የተለማመደ ነው፣ ድራሙ አይጮህም፣ ከኪቦርዱ ጎን ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ነበር፣ ባቲ ቅኝት ውስጥ ሲገባ አዳራሹ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ነው የተነፈሰው። እናቴ እንደነገረችኝ በሷ ልጅነት እነሱ ቸርች ማሲንቆ የአዝማሪ ነው እየተባለ በር ላይ አይደርስም ነበር፣ አኮርዲዮንና ጊታር ነው የመዝሙር መሣሪያ፣ አሁን ማሲንቆው ሲመጣ ምን ትላለች ብዬ ፊቷን ሳይ እጇን ጉልበቷ ላይ እየመታች ነበር።

ከመዝሙሮቹ መሀል አንዱ ላይ ባንዱ ዝም አለ። ዘማሪው ጊታር ብቻውን ያዘና አባቶቻችን በመከራ ጊዜ የዘመሩት ነው፣ እነሱን አመስግናችሁ ተቀበሉኝ ብሎ አንድ የድሮ መዝሙር ጀመረ። ወጣቱ የማያውቀው መዝሙር ስለነበር አብሮ የሚዘምረው ቀነሰ፣ ስልኮችም ወረዱ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከሱ ጋ እኩል ጀመረች፣ ድምጿ ቀጭን ነው ግን ቅኝት አይስትም። እሱ ሁለት አንጓ ዘምሮ ወደ አዝማቹ ተመለሰ፣ እሷ ግን ሦስተኛውን ቀጠለች፣ እሱ የዘለለውን። ጎን ያሉት አባት ደግሞ ያንኑ ሦስተኛ አንጓ ተቀበሏት፣ ከዚህ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች። እዛ ኋላ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ መብራት በማይደርስበት ቦታ ሁለት ሽማግሌ ሰዎች መድረኩ ላይ የሌለውን አንጓ ይዘምሩ ነበር፣ በዙሪያቸው የነበሩት ልጆች ዞረው አዩዋቸው። መድረኩ ላይ "እናመስግናቸው" የተባሉት ሰዎች እኮ እነሱ ናቸው፣ በአካል እዛው ነበሩ፣ ያመሰገናቸው ዘማሪ ግን ሊያያቸው አይችልም ነበር።

አሁን ስለነናቴ ትውልድ ትንሽ ላውራ፣ ወጣት አንባቢ ላያውቀው ይችላል። እኛ ዛሬ የመዝሙር ኮንሰርት የምንለው ነገር ሥሩ ከነሱ ነው። በፊት በፊት ሚሲዮኖች ያስተማሯቸው፣ ከውጪ ቋንቋ የተተረጎሙ መዝሙሮች ነበሩ የሚዘመሩት፣ ከዛ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ወጣቶች በራሳቸው ዜማ በራሳቸው ግጥም መዘመር ጀመሩ፣ በአዲሱ ወርቁ ይመራ የነበረው የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የዛ ዘመን ልጅ ነው። ያኔም ቢሆን ሰላም አልነበረም፣ በ1964 ነሐሴ ውስጥ በንጉሡ ዘመን የሙሉ ወንጌል ምእመናን በጅምላ ታፍሰው ታስረዋል። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ባሰ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ሐምሌ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፣ መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ተዘጋች መሪዎቿም ታሰሩ፣ በኛ በደቡቡ በኩል ደግሞ ስንትና ስንት የቃለ ሕይወት አጥቢያ ታሽጎ የቀበሌ መሰብሰቢያና መጋዘን ሆነ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ያህል እስር ቤት ነበር፣ እዛው ሆኖ ያወጣቸው መዝሙሮች ሳይቀሩ ከእጅ ወደ እጅ ወጥተው አገር አዳረሱ። የሱ፣ የደረጀ ከበደ፣ የታምራት ኃይሌ ካሴቶች በዛ ጊዜ ላለ አማኝ ስብከትም፣ ጉባኤም፣ ቸርችም ነበሩ፣ ቸርቹ ተዘግቷላ።

እናቴ ያኔ ይርጋለም ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል የምታጥብ የጤና ረዳት፣ ነበረች። ማታ ማታ እየተራራቁ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ የሚዘመረው በሹክሹክታ ነው። እናቴ እስከዛሬ ደስ ሲላት ሳይቀር ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትዘምረው ለዚህ ይመስለኛል። ካሴቱ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀምጠው አንዱ ሲዘምር ሌላው ይቀዳል፣ ስለዚ በሷ ካሴት ላይ መሀል ላይ ዶሮ ይጮሃል፣ አንድ ቦታ ደግሞ የሆነ ሰው ያስላል፣ ያ ሳል ይመጣል ብለን እኛ በልጅነታችን ተዘጋጅተን ነበር የምንጠብቀው። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ክሩ ሲተበተብ ቢክ እስክሪብቶ ተከትቶ ቀስ ተብሎ ይጠነጠናል። ቤት የሚፈተሽ ጊዜ ካሴቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሽሮ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጓደኛዋ አንድ ካሴት ተገኝቶባት ለአምስት ወር ታስራለች። ለአንድ ካሴት።

ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያ የድሮ መዝሙር ሲያልቅ ነው። የመዝሙር ደብተሯን ይዛ መጥታለች። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ነው፣ ሰማያዊ ሽፋኑ በክር ሁለቴ ተሰፍቷል፣ ከውስጥ በሷ ጽሕፈት፣ ያኔ ጎበዝ ነበረች፣ ፊደሎቿ ቀጥ ያሉ፣ ከካሴት እያስቆመች የገለበጠቻቸው መዝሙሮች ናቸው። ለምን እንዳመጣችው ስጠይቃት "ግጥሙ ቢጠፋኝ ብዬ" አለች። አጠገባችን የነበረች አንዲት ልጅ፣ እሷም ኳየር ውስጥ እንደምትዘምር ነግራናለች፣ ሦስተኛውን አንጓ ከየት አገኛችሁት ብላ መጣች። እናቴ ገልጣ አሳየቻት። ልጅቷ ተንበርክካ የስልኳን መብራት አብርታ አነበበችው፣ ገጹን በጣቷ ሳትነካው ነው ያነበበችው፣ ከዛ "እትዬ፣ ፎቶ ባነሳው ይፈቅዱልኛል?" አለቻት። እኛ ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁለት አንጓ ብቻ ነው አለች። እናቴ "አራት ነው እኮ" አለቻት፣ "አራተኛው ነው ዋናው"።

እንግዲህ የኔ ነጥብ ይሄ ነው። በኛ አገር ሠርግ ቤት ስትሄድ ሽማግሌ ከፊት ይቀመጣል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሽማግሌ ሲገባ ወጣት ብድግ ይላል፣ ታክሲ ውስጥ እንኳን ወያላው "ለእናታችን ልቀቁ" ይላል፣ ማንም የመታወቂያ ዓመተ ምሕረት አይጠይቅም። ቸርችም እንደዛው ነው። ታዲያ እንዴት ነው የመዝሙር ኮንሰርት ላይ ስንደርስ ይሄ ሁሉ ተረስቶ ወንበር በብር ብቻ የሚለካው? ወጪ እንዳለ አውቃለሁ፣ የአዳራሹ ኪራይ፣ ሳውንዱ፣ ላይቱ፣ ጄኔሬተሩ፣ ሙዚቀኞቹ ተለማምደው ነው የሚመጡት ቤተሰብ አላቸው፣ ስፖንሰር ያደረገ ድርጅት ደግሞ ትኬት ይሰጠዋል፣ ይሄ ሁሉ ይገባኛል፣ ቪአይፒ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ቪአይፒ የቆረጠውንም አልጠላውም፣ አገልግሎቱን ደግፎ ነው። እኔ የምለው በሺዎች ከሚቆጠሩ ወንበሮች መሀል 40 ብቻ ይውጣ። ከ40 ወንበር የሚቀረው ገቢ ኮንሰርት አያስቀርም።

ቦታውም ግድ መሀል ላይ አይሁን። እኔ እንዳየሁት ከመድረኩ በግራም ይሁን በቀኝ ከዳር ቢሆን ይሻላል፣ ምክንያቱም መሀል ላይ ከሆነ ፊት ያለው ሰው ሲነሳ ያው ጀርባ ነው የሚያዩት፣ ከዳር ግን ማንም አይከልላቸውም፣ መጸዳጃ ቤትም ለመሄድ ሰው አያስነሱም። መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁን፣ የፕላስቲኩ ባለ መደገፊያም ይበቃል፣ ነጭ ጨርቅ አያስፈልገውም። ዊልቸር ላይ ያሉ ወገኖቻችንም እዛው ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ እነሱን ደግሞ ያን ቀን መቆሚያው ጫፍ ላይ ነው ያየኋቸው። አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሆን አብሮት የመጣ አንድ ሰው ይፈቀድለት። ትኬት ሲሸጥ ደግሞ ይሄ ቦታ መኖሩ ይጻፍ፣ ያኔ ስንትና ስንት ቤት ውስጥ "እኔማ የት እችለዋለሁ" ብለው የተቀመጡ እናቶች ይመጣሉ።

ሰዓቱ ደግሞ፣ ስለሰዓት ብዙ ሰው ስለጻፈ አላበዛም፣ 8 ሰዓት ካላችሁ 8 ሰዓት ይሁን። እኛ ከክልል የምንመጣ ሰዎች መኪናችንን አልጋችንን በዛ ሰዓት ነው የምናሰላው። ያን ቀን ያለቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ራይድ ለማግኘት አንድ ሰዓት ቆምን፣ እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠችና እንደቆመች ቁጠሩት።

በ1999 ቆጠራ ጊዜ ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። በነናቴ ወጣትነት እኮ ጥቂት ነበሩ፣ ጴንጤ ሲባሉ ስድብ ነበር፣ ልጅ ከቤት ይባረር ነበር። ዛሬ አዳራሽ ሞልቶ የሚተርፈው ሕዝብ ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ከነሱ ሳሎን ነው የመጣው፣ ብርድ ልብስ ከተጋረደበት መስኮት ውስጥ። ዘማሪዎቻችንም ይሄን ያውቃሉ፣ በየኢንተርቪዩው ስለ ድሮ ዘማሪዎች በፍቅር ሲያወሩ እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛል። ለዚህ ነው እነሱንም የምለምነው፣ ከአዘጋጅ ጋ ስትስማሙ ስለ ሳውንዱ ስለ ላይቱ እንደምትነጋገሩት ስለ ሽማግሌዎቹ ወንበርም አንድ ቃል ተናገሩ። እናንተ ካላችሁ አዘጋጁ እሺ ይላል።

እሁድ ጠዋት አክስቴ ሰፈር ያለች ትንሽ አጥቢያ ሄድን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ናት፣ ስንገባ ሞልቶ ነበር። አንዲት አስተናጋጅ እናቴን በር ላይ ስታያት እጇን ያዘቻት፣ ምንም ሳትጠይቃት መሀል ለመሀል አሳልፋ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ወሰደቻት፣ እዛ የነበሩ ሁለት ልጆች ተነስተው ግድግዳ ጥግ ቆሙ። እኔ ከኋላ ሆኜ የናቴን ነጠላ አየሁት፣ ሰባኪው ፊት ለፊት፣ በሰው ያልተሸፈነ። ከሰዓት ቃሊቲ ተሳፍረን ስንመለስ እናቴ ደስተኛ ነበረች፣ ስለ ወንበሩ አንድም ቃል አልተናገረችም፣ ስለ ልጁ ስልክና ስለ ማሲንቆው ነበር የምታወራው። ባቱን ስናልፍ ስልኬ ጮኸ፣ ያቺ የኳየር ልጅ ናት በቴሌግራም፣ ፎቶው ላይ አራተኛው አንጓ ጥግ ላይ እርጥበት ስለበላው ሁለት ቃል አይነበብም፣ እትዬ ያስታውሱታል ወይ ትላለች። እናቴን ጠየቅኳት። አሰበች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከመጀመሪያው ጀምሮ ዘመረችው፣ እዛ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ደግማ ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ሦስተኛ ጊዜ ላይ ሻሸመኔ ልንገባ ስንል መጣላት። በድምፅ ቀድቼ ላኩላት።

የፊታችን በዓል ላይ ሌላ ኮንሰርት እንዳለ ተነግሯል፣ እናቴ ትኬት ቁረጪ ብላኛለች። አዘጋጆቹ ይሄን ካነበባችሁ፣ ነጭ ነጠላ ያጣፋች፣ ከዘራዋን በግድ ያስያዝኳት፣ በክር የተሰፋ ሰማያዊ ደብተር የያዘች እናት በር ላይ ስታዩ እሷ ናት።

አክባሪያችሁ
ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ